ልባስ ያላቸው ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧዎች እንዴት ይፈተናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከሁለት ወገን የሚመጡ ናቸው። አንደኛው ወገን በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና የባዮሜዲካል ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣና ከእንጅባራ በሪፈር ተልከው «ሰው ሠራሽ ቧንቧ ይገባልዎታል» የተባሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎቻቸው ናቸው። የሁለቱ ጥያቄ ሩቅ ለሩቅ ቢመስልም መገናኛው አንድ ነው፤ ይኸውም በቧንቧው ላይ የተቀባው ነገር የተባለለትን ሥራ መሥራቱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ ለማን ይገባል?

ደምን ከልብ ወደ አካል የሚያደርሰው ደም ቅዳ ቧንቧ ሲዘጋ፣ አብጦ ሊፈነዳ ሲቃረብ ወይም በአደጋ ሲበጠስ ሐኪሙ ለደሙ ሌላ መንገድ ማበጀት ይኖርበታል። ለእግር ቧንቧ የመጀመሪያው ምርጫ የታካሚው የራሱ ደም መልስ ቧንቧ ሲሆን፣ በብዛት የሚወሰደውም ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ በእግር ውስጠኛ ጎን እስከ ብሽሽት የሚወጣው ረጅሙ ነው። ይሁንና ይህ ቧንቧ የቀጠነበት፣ ያበጠበት ወይም ቀደም ሲል ለሌላ ቀዶ ሕክምና የተወሰደበት ሰው ብዙ ነው። በሆድ ውስጥ የሚያልፈውን ዋናውን የደም ቅዳ ግንድ ለመተካትም የእግር ደም መልስ በስፋቱ አይመጥንም። ከዚህ በተጨማሪ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉና የክንዳቸው ደም ሥር ለመርፌ ያልተመቸ ታካሚዎች አሉ፤ ለእነዚህ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰው ሠራሽ ቧንቧ በክንዳቸው ቆዳ ሥር ይቀበራል።

ከምን ይሠራል? መጀመሪያስ ማን አሰበው?

አርተር ቮርሂስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1947 በውሻ ልብ ውስጥ የቀረ የሐር ክር ከጊዜ በኋላ በሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ተለብሶ አገኘ። ክር እንዲህ ከተለበሰ ከክር የተሠራ ቱቦም ሊለበስ ይችላል ብሎ አሰበና ቪንዮን ኤን ከተባለ ጨርቅ የተሠሩ ቧንቧዎችን ሞክሮ ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር በ1952 አሳተመ። ከዚያ በሂዩስተን የነበረው ማይክል ደቤኪ ናይለን ሊገዛ ወደ አንድ ትልቅ መደብር ሄዶ ናይለኑ አልቆ ስለነበር ዳክሮን ገዝቶ ተመለሰ፤ የመጀመሪያዎቹን ቧንቧዎችም በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ሰፋቸው። ናይለን በአካል ውስጥ ጥንካሬውን ቶሎ የሚያጣ መሆኑ በኋላ ስለታወቀ የዚያን ቀን የመደብሩ መደርደሪያ ባዶ መሆኑ ለሕክምናው በጎ አጋጣሚ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ቁሶች ናቸው። አንደኛው ዳክሮን ነው፤ በገበያ ሸሚዝና በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የምናውቀው የፖሊስተር ዘር ማለት ነው። ሁለተኛው ሮበርት ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 በድንገት ሲጎተት እንደሚለጠጥና በጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደሚሞላ ያወቀው ቴፍሎን ነው፤ ወጥ የማይዝ መጥበሻ የሚቀባበት ቁስ ዘመድ ነው። ዳክሮኑ ወይ ይሸመናል፣ ወይ እንደ ሹራብ ይሠራል። ሽመናን የሚያውቅ የጎጃም ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። ድርና ማግ ጠብቀው የተጠላለፉበት ቧንቧ ብዙም አያፈስስም፤ ነገር ግን ይደርቃል፣ በተቆረጠበት ጠርዝም ይተረተራል። ሹራቡ ለመርፌ የሚመች ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ያፈስሳል፣ እያደርም ይሰፋል።

ታዲያ ልባስ ለምን አስፈለገ?

አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ ሊጥ አይፈስስበትም፤ በቅባት እህል ይሟሻል፣ ቀዳዳው ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንጀራ የሚያወጣው። የሹራብ ዳክሮን ቧንቧም ለብዙ ዓመታት የሚሟሽ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ደም ይወስድና ቧንቧውን ነክሮ ደሙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሰፋዋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ደም የማያረጋ መድኃኒት ለወሰደ ወይም ደም እየፈሰሰው በችኮላ ለተከፈተ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ስለዚህ አምራቾች ማሟሸቱን ወደ ፋብሪካ ወሰዱት፤ ቧንቧውን በኮላጅን፣ በጄላቲን ወይም በአልቡሚን በተባሉ ፕሮቲኖች ለብጠው ማቅረብ ጀመሩ።

በኋላ ከዚህ የተለየ ዓላማ ያላቸው ልባሶች መጡ። በተለጠጠ ቴፍሎን ላይ የሚጣበቀው ሄፓሪን የሚያፈስሰውን ለመድፈን የታሰበ አይደለም፤ የተለጠጠ ቴፍሎን ቀድሞውንም ውሃን የሚጠላ በመሆኑ እንደ ሹራብ አያፈስስም። ሄፓሪኑ የታሰበው ደም በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንዳይረጋ ነው። ብርን የያዘ ልባስ ደግሞ ተህዋስያንን ለመከላከል የታሰበ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው፣ ሽንትን ብርቱካናማ በማድረጉ የምናውቀው ሪፋምፒሲን በጄላቲን ላይ በደንብ ስለሚያዝ፣ አንዳንድ ሐኪሞች በጄላቲን የተለበጠውን ቧንቧ ከመስፋታቸው በፊት በእርሱ ይነክሩታል።

ይህን ልዩነት ማጥራት የሚያስፈልገው ፈተናው ከዓላማው ስለሚነሣ ነው። ለመድፈን የተቀባ ልባስ በቀጠሮው ቀልጦ መጥፋት አለበት። ደም እንዳይረጋ የተቀባው ደግሞ መቆየት አለበት። ሁለቱን በአንድ መለኪያ የሚመዝን ቤተ ሙከራ አንዱን ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል፣ ሌላውንም ሳይገባው ያሳልፈዋል።

ልባሱ ከእንስሳ የሚወሰድ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዎን፣ አብዛኛው እውነት ነው። ኮላጅንና ጄላቲን በአብዛኛው ከከብት ይወሰዳሉ። ሄፓሪን በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ይወጣል። ይህ ጥያቄ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ታካሚ ይመጣልና ሐኪሙ ሳይጠየቅ ቀድሞ ቢናገረው ይሻላል። በመርፌ የሚሰጠውና በኩላሊት እጥበት ጊዜ የሚውለው ሄፓሪንም በብዛት ምንጩ ያው እንደሆነ፣ የራስ ደም መልስ ወይም ልባስ የሌለው ቴፍሎን እንደየሁኔታው አማራጭ ሊሆን እንደሚችልም አብሮ ሊነገር ይገባል። ከዚያ ያለውን ታካሚው ከነፍስ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር ይመክርበታል።

ከእንስሳ የመጣ ቁስ በፍተሻ በኩል ተጨማሪ ግዴታ ያስከትላል። አምራቹ ከብቶቹ ከየት አገር እንደመጡ፣ የከብት አንጎል የሚያቦዝነው በሽታ እንደሌለባቸው፣ በዝግጅቱም ቫይረስ እንዴት እንደሚጠፋ በሰነድ ማሳየት አለበት። በሄፓሪን በኩል ደግሞ ጥቂት ሰዎች ሄፓሪን ሲነካቸው ፕላትሌት የተባሉት ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት ቁጥራቸው ይወርዳል፣ በተቃራኒውም ደማቸው ይረጋል። ይህ ደርሶበት የሚያውቅ ታካሚ በሄፓሪን የተለበጠ ቧንቧ እንዳይገባለት መናገር አለበት።

የመጀመሪያው ፈተና ምንድን ነው?

ለሚደፍን ልባስ የመጀመሪያው ፈተና የውሃ ማሳለፍ ልኬት ነው። ለቱቦ መሰል የደም ቧንቧዎች የወጣው አይኤስኦ 7198 የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ልኬት በ120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ግፊት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር የቧንቧ ግድግዳ በኩል በአንድ ደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ውሃ እንደሚያልፍ ይለካል።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ እንየው። 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ የግድግዳው ስፋት ወደ 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ልባስ የሌለው ልል ሹራብ በካሬ ሳንቲ ሜትር 1000 ሚሊ ሊትር ቢያሳልፍ በደቂቃ 25 ሊትር ውሃ ያፈስሳል፤ ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ የሚገፋው ደም ግን ወደ 5 ሊትር ብቻ ነው። ልባሱ ይህን ቁጥር ወደ 5 ሚሊ ሊትር ካወረደው ከዚያው ቧንቧ የሚወጣው 125 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ደም ከውሃ የወፈረና የሚረጋ ስለሆነ በእውነተኛው ቀዶ ሕክምና የሚፈስሰው ከዚህም ያንሳል።

ተማሪዎች ይህን ፈተና ለመጀመር ውድ መሣሪያ የሚያስፈልግ ይመስላቸዋል። 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ግን አንድ ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ነው። ባልዲውን በዚያ ከፍታ ሰቅሎ፣ የውሃው ወለል ከፍ ዝቅ እንዳይል እየጠበቁ በሚዛንና በሰዓት መሥራት ይቻላል፤ በመስታወት ዕቃ ከመስፈር ይልቅ መመዘን ይበልጥ ትክክል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል ወደ 1800 ሜትር ከፍ ያለች መሆኗም እዚህ ላይ ችግር አያመጣም፤ የሚለካው የግፊት ልዩነት ነውና። ችግር የሚያመጣው ያልተጣራ ውሃ ነው፤ ደለሉ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ልባሱ ያልሠራውን ሥራ እንደሠራ ያስመስላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ልባስ የሌለው ናሙና በየደቂቃው እየተሻሻለ ሲሄድ አይቼ ተደስቼ ነበር፤ የተሻሻለው ግን ቧንቧው አልነበረም፣ ውሃው ነበር የቆሸሸው።

ጥንካሬው እንዴት ይለካል?

በርዝመቱ ይጎተታል፤ በውስጡ ግፊት ተሞልቶ እስኪፈነዳ ይጠበቃል፤ እየጠበበ በሚሄድ ክብ ላይ ይታጠፍና በየትኛው ላይ እንደሚሰበር ይታያል። የቀዶ ጥገና ክርም ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይሰፋበትና ክሩ ግድግዳውን ቀድዶ እስኪወጣ ድረስ የሚያስፈልገው ኃይል ይመዘገባል። ለኩላሊት እጥበት የታሰበ ከሆነ በመርፌ ደጋግሞ ይወጋና ጥንካሬው እንደገና ይለካል። ከነዚህ ውስጥ ልባሱ በግልጽ የሚለውጠው መታጠፉንና የመርፌውን አገባብ ነው፤ ጄላቲን የደረቀበት ቧንቧ እንዳይሰበር አምራቾች ግሊሰሮል የሚጨምሩትም ለዚህ ነው።

ድካም የሚፈተነው ለብቻው ነው። በደቂቃ 72 ጊዜ የሚመታ ልብ በዓመት ወደ 38 ሚሊዮን፣ በ10 ዓመት ደግሞ ወደ 378 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ይህን በተፈጥሮው ፍጥነት መጠበቅ ስለማይቻል ቧንቧው በሞቀ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲነፋና እንዲኮማተር ቢደረግ ሦስት ወር ገደማ ይበቃል። ፈጣኑ ምት ግን እያንዳንዱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መድረሱ መረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ይቆጥራል እንጂ ቧንቧው አይደክምም።

ልባሱ በሁሉም ቦታ እኩል መቀባቱ በምን ይታወቃል?

በዓይን አይታወቅም። ሄፓሪን ከሆነ ቶሉዲን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም በነካው ቦታ ወደ ሐምራዊ ይለወጣልና ቧንቧው ተሰንጥቆ ተዘርግቶ ይቀለማል፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ልባስ ያልደረሰው ያ ነው። ሌላው ቀላል ፈተና የውሃ ጠብታ ነው። ልባስ በሌለው ቴፍሎን ላይ ያረፈ ጠብታ በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ይቆማል፤ ውሃ የሚወድ ልባስ ባለበት ላይ ግን ተዘርግቶ ይተኛል። ጠብታው ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን በካሜራ ይለካል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየትና በኢንፍራሬድ ብርሃን የኬሚካሉን ማንነት ማረጋገጥም የተለመደ ነው።

ነገር ግን የሄፓሪን መኖርና የሄፓሪን መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለውን አንቲትሮምቢን የተባለ ፕሮቲን ይዞ ሲያበረታ ነው። ተለጥፎ ግን በተሳሳተ ጎኑ የተጣበቀ ከሆነ ቀለሙን በደንብ ይቀበላል፣ ፕሮቲኑን ግን አይዝም። ስለዚህ ከቀለሙ ፈተና በኋላ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ስንት አንቲትሮምቢን እንደተያዘ የሚለካው ፈተና የግድ መከተል አለበት። በእኔ ግምት በልባስ ፍተሻ ውስጥ በብዛት የሚዘለለውና መዘለል የሌለበት ደረጃ ይህ ነው።

ልባሱ በደም ፍሰት ታጥቦ ቢሄድስ?

ሊሄድ ይችላል፤ ለዚህም ነው አዲስ ናሙና ብቻ መፈተን የማይበቃው። ቧንቧው በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ከደም ፍሰት ጋር በሚመሳሰል ፍጥነት ለቀናትና ለሳምንታት ፈሳሽ እንዲያልፍበት ይደረጋል፤ በየጊዜው ናሙና እየተቆረጠ የቀረው የልባስ መጠንና የመሥራት አቅሙ ይለካል። የወጣው ፈሳሽም አይደፋም፤ በውስጡ የተፈረፈረ ቅንጣት እንዳለ ይቆጠራል። ከእግር ቧንቧ የተፈረፈረ ቅንጣት ወደ ጣት ይወርዳል፣ ከአንገት ቧንቧ የተፈረፈረ ደግሞ ወደ አንጎል ይወጣልና።

ለኮላጅንና ለጄላቲን ጥያቄው ይገለበጣል። እነዚህ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በአካል ተበልተው ቦታቸውን ለታካሚው ሕዋሳት መልቀቅ አለባቸው። ቶሎ ከጠፉ ቧንቧው ያፈስሳል፤ ከቆዩ ደግሞ አካል ቧንቧውን አቅፎ መያዙ ይዘገያል።

ከደም ጋር ያለው ፈተና ምን ይመስላል?

ሩዶልፍ ቪርኮ እ.ኤ.አ. በ1856 ካስተማረው ጊዜ ጀምሮ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ተብለው ይቆጠራሉ፦ የግድግዳው ሁኔታ፣ የፍሰቱ ሁኔታና የደሙ የራሱ ባሕርይ። ልባስ የሚለውጠው አንደኛውን ብቻ ስለሆነ ፈተናው ሁለቱን ሌሎች አጥብቆ መያዝ ይጠበቅበታል።

በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1958 ቻንድለር ያወጣው ቀለበት ነው። የቧንቧው ሁለት ጫፍ ተገናኝቶ ቀለበት ይሆናል፣ ከፊሉ በሰው ደም ይሞላል፣ ከፊሉ አየር ይቀራል፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል። ደሙ በክብደቱ ወደ ታች ሲቀመጥ ቧንቧው በሥሩ ስለሚያልፍ ፍሰት ይፈጠራል። በመጨረሻ የረጋው ደም ይመዘናል፣ የቀሩት ፕላትሌቶች ይቆጠራሉ፣ የመርጋት ሂደት መጀመሩን የሚያሳዩ ምልክቶችም ይለካሉ። በዚያው ዕለት፣ ከዚያው ሰው ደም፣ ልባስ የሌለው ቧንቧ አብሮ ካልተፈተነ ውጤቱ ምንም አይናገርም። ደም ለጋሹ አስፕሪን የወሰደ ከሆነ ፕላትሌቶቹ እስኪተኩ ድረስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይጠየቃል። የአንድ ሰው ደም ብቻም አይበቃም።

የቀይ ደም ሕዋሳት መሰባበርም ይለካል። በተለመደው መመዘኛ ከ2 ከመቶ በታች ከሆነ ቁሱ ደም አይሰብርም ይባላል፣ ከ5 ከመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ይወድቃል። ከሕዋሳት ጋር በሚደረገው የመርዛማነት ፈተና የሕክምና ዕቃዎችን ደኅንነት በሚመለከተው አይኤስኦ 10993 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ክፍል 5 መሠረት በሕይወት የቀሩት ሕዋሳት ከ70 ከመቶ በታች ከወረዱ ቁሱ መርዛማነት ሊኖረው ይችላል ተብሎ ይያዛል።

በእንስሳ ላይ ሲሞከር በግ ለምን ይመረጣል?

የአንገቱ ደም ቅዳ ረጅምና ለሰው ቧንቧ ቅርብ የሆነ ስፋት ያለው፣ ጠባዩም የረጋ ስለሆነ ነው። ውሻ ቀድሞ ብዙ አገልግሏል፤ ሆኖም ደሙ ቶሎ ስለሚረጋ የሰውን ሁኔታ በትክክል አያሳይም ተብሎ ይተቻል።

ከእንስሳ ፈተና የሚመጣው ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው። በብዙ እንስሳት ውስጥ የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ከሁለቱም የስፌት ጫፎች ተነሥቶ በወራት ውስጥ ቧንቧውን በሙሉ ሊያለብሰው ይችላል። በሰው ግን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከስፌቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። አጭር ቧንቧ በጤነኛ በግ ላይ አስገብቶ «ሙሉ በሙሉ ተለበሰ» የሚል ዘገባ ስናነብ የቧንቧውን ርዝመትና የበጉን ዕድሜ መጠየቅ አለብን፤ የእግር ቧንቧው የሚዘጋበት የጎጃም ገበሬ 40 ሳንቲ ሜትር ቧንቧ የሚያስፈልገው፣ ምናልባትም ስኳር ያለበትና ዕድሜው የገፋ ሰው ነውና።

ቀጫጭን ቧንቧዎች ለምን አስቸጋሪ ሆኑ?

ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆኑ ሰው ሠራሾቹ ቶሎ ይዘጋሉ። አንደኛው ምክንያት በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ጥቂት የረጋ ደም እንኳ መንገዱን የሚሞላው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የስፌቱ ቦታ ነው። ተፈጥሯዊው ቧንቧ በየምቱ ይነፋል፣ ሰው ሠራሹ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ነው፤ በሁለቱ መጋጠሚያ ፍሰቱ ይረበሻል፣ ግድግዳውም በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ ይወፍራል። በቆጋ መስኖ አካባቢ ውሃ ያጠጣ ሰው በሲሚንቶ የተሠራው ቦይ ከአፈሩ ቦይ ጋር በሚገናኝበት ላይ ደለል መከማቸቱን ያውቃል። ሄፓሪን የመጀመሪያውን ምክንያት ያቃልላል፤ ሁለተኛውን ግን በግትርነቱ ምክንያት እስከመጣ ድረስ አያጠፋውም። በቀጫጭን ቧንቧ ላይ ያለን ልባስ የሚፈትን ሰው መጋጠሚያውን ሳያካትት መሐሉን ብቻ ከፈተነ የቀለለውን ጥያቄ መልሷል።

ልባስ ያለው ቧንቧ በሰው ላይ የተሻለ ውጤት አሳይቷል?

በመጠኑ። በስካንዲኔቪያ ሆስፒታሎች በዕጣ ተከፍለው ሄፓሪን ያለውና የሌለው ቴፍሎን በገባላቸው ታካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ክፍት የነበሩት ሄፓሪን ካላቸው 86.4 ከመቶ፣ ከሌላቸው 79.9 ከመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት ለታካሚ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን በቤተ ሙከራ ቀለበት ውስጥ ከሚታየው ሰፊ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። የራስ ደም መልስ ጥሩ ሆኖ በተገኘበት ሁሉ አሁንም የመጀመሪያው ምርጫ እርሱ ነው።

ማምከን፣ ማለትም ተህዋስያንን መግደል፣ ልባሱን አይጎዳውም?

ሊጎዳው ይችላል፤ ስለዚህ ሁሉም ፈተና መደረግ ያለበት ከማምከን በኋላ፣ ለታካሚው በሚደርስበት መልኩ ነው። ኮላጅን በእንፋሎት ሲቀቀል ምን እንደሚሆን የእግር ሾርባ የቀቀለ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ስለዚህ በኮላጅንና በጄላቲን የተለበጡ ቧንቧዎች አውቶክሌቭ ወደተባለው በግፊት እንፋሎት ወደሚያመክነው ዕቃ አይገቡም፤ ብዙዎቹ በኤቲሊን ኦክሳይድ ጋዝ ወይም በጨረር ይመክናሉ። ጋዙ ራሱ መርዝ በመሆኑ ከቧንቧው እስኪወጣ አየር እንዲያገኝ ይደረጋል፤ በአካል ውስጥ ለዘለቄታው በሚቀር ዕቃ የመጀመሪያው ቀን ገደብ 4 ሚሊ ግራም ነው። በማሸጊያው ላይ ዳግመኛ አታምክን የሚል ምልክት ያለበት ቧንቧ ተከፍቶ ሳይሠራበት ቢቀር ተመልሶ አይመከንም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያሳዝን።

ለንጽጽር ልባስ የሌለውን ቴፍሎን በአውቶክሌቭ ለሚያመክኑ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የግፊት ሰዓቱ በባሕር ወለል ለ121 ዲግሪ የሚበቃውን ቁጥር ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት ግን ወደ 118 ገደማ ነው። መታመን ያለበት የሙቀት መለኪያው ነው።

ከእነዚህ ፈተናዎች የትኞቹን በጎጃም መሥራት ይቻላል?

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ከተማ ጨርቅን መጎተት፣ ማፈንዳት፣ ውፍረቱንና አሠራሩን መለካት እንግዳ ሥራ አይደለም። የውሃ ማሳለፍ ልኬት፣ የመታጠፍና የስፌት ጥንካሬ፣ የቀለምና የውሃ ጠብታ ፈተና በጥቂት ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። የቀለበቱ ፈተና የደም ለጋሽ ፈቃድና የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ግን ሞተርና የሞቀ ውሃ ነው። በእንስሳ የሚደረገው የወራት ፈተናና የድካሙ ማሽን ከዚህ የተለየ አቅም ይጠይቃሉ። ተማሪዎችን የምመክረው በተሟላ ሁኔታ የተሠሩ ሦስት ቀላል ፈተናዎችን በቅድሚያ እንዲይዙ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፎች አዲስ ልባስ ለመፍጠር ሲሮጡ የቆየውን ልባስ በደንብ የለካ ሰው ይጠፋል።

በኢትዮጵያ የሚፈቅደው ማን ነው?

የሕክምና መሣሪያን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ታካሚ ወይም አስታማሚ ምን መጠየቅ ይገባዋል?

የራሴ ደም መልስ ለምን አልተመረጠም? የሚገባልኝ ቧንቧ ከምን ተሠርቶ በምን ተለብጧል? ልባሱስ የታሰበው ለመድፈን ነው፣ ደም እንዳይረጋ ነው፣ ወይስ ለተህዋስያን? የሚሉት በቂ ናቸው። ሐኪሙን «ዶክተር፣ የማሸጊያውን ተለጣፊ ወረቀት በካርዴ ላይ ይለጥፉልኝ» ብሎ መጠየቅም ድፍረት አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የምርቱ ተከታታይ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለ። ቧንቧው ከዓመታት በኋላ ቢዘጋ ወይም ቢመረቅዝ፣ ታካሚውም በሌላ ከተማ ሆስፒታል ቢገኝ፣ አዲሱ ሐኪም ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ስለዚህ ካርዱ ከሌሎች ሰነዶች ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ዝናብና ጭስ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።